ከዳንግላ ተነሥቶ በባሕር ዳር የልጆች መዝናኛ አንድ ቀን ማሳለፍ፦ ሰልፉ፣ ትኬቱና ሰዓቱ

በዚህ ዓመት ሦስት ልጆቼን ይዤ በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም ወደማይርቅ አንድ የልጆች መዝናኛ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነበር፤ ሁለተኛው በየካቲት መጀመሪያ፣ ተማሪዎች የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ በነበሩበት አንድ ረቡዕ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ። ቦታው ያው፣ መጫወቻዎቹም ልጆቹም እነዚያው ሆነው ሳለ ሦስቱ ቀናት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። በመጀመሪያው ቀን ለስድስት ሰዓታት ያህል ግቢው ውስጥ ቆይተን እያንዳንዱ ልጅ የተጫወተው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግን በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ጊዜ ተጫውተው፣ ደስ ብሏቸውና ሳይነጫነጩ ወጥተናል። ከዳንግላ፣ ከመራዊ፣ ከአዴት ወይም ከፍኖተ ሰላም ልጆቻቸውን ይዘው ለመምጣት የሚያስቡ ወላጆች ገንዘባቸውንም ቀናቸውንም በሰልፍ እንዳይጨርሱ፣ ልዩነቱን ያመጣው ምን እንደሆነ በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ። የመዝናኛውን ስም የማልጠቅሰው ያየሁትን ጉድለት ለኃላፊው ፊት ለፊት ስለነገርኩትና፣ ከዚህ በታች የምገልጸው ችግር በአንድ ግቢ ብቻ የሚታይ ስላልሆነ ነው።

በቃና ዘገሊላ ዕለት ከዳንግላ የተነሣነው ረፋድ ላይ ነበር። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጠብቀን፣ 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በዱርቤቴና በመራዊ በኩል አቋርጠን ግቢው በር ላይ ስንደርስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የከተማው ሕዝብ በሙሉ ልጆቹን አዲስ ልብስ አልብሶ ወደዚያው የወጣ እስኪመስል ድረስ በሩ ተጨናንቆ ነበር። በትኬት መቁረጫው መስኮት ፊት 35 ደቂቃ ቆመን ለትልቁ ሽክርክሪት፣ ማለትም ለፌሪስ ዊሉ፣ ሦስት ትኬት ቆረጥን፤ ከዚያም ወደ ሽክርክሪቱ ሰልፍ ሄደን እንደገና ቆምን። ልጆቹ ከሽክርክሪቱ ወርደው ተጋጪ መኪኖቹን ሲጠይቁ ትኬቱ ለየመጫወቻው በተለያየ ቀለም የሚቆረጥ መሆኑን አወቅን፤ ስለዚህም ተመልሰን በዚያው መስኮት ሦስተኛውን ሰልፍ ያዝን። የስምንት ዓመቷ ልጄ በእጇ ጨብጣ የያዘቻት ሰማያዊ የካርቶን ትኬት በላብ ርሳ ማኅተሙ መዳፏ ላይ ታትሞ ነበር፤ ትኬት ተቀባዩ ወጣት ግማሿን ቀድዶ ሊመልስላት ሲሞክር ትኬቷ በጣቱ መካከል ተበታተነች። ያን ጊዜ ነው ልጆቹ ሲጫወቱ ከማየት ይልቅ ሰልፉ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የጀመርኩት።

በዚያ ግቢ ረጅሙ ሰልፍ ሁልጊዜ የሽክርክሪቱ ነው፤ ምክንያቱም ከበር ገና ስትገቡ በዐይን የሚገባው፣ ልጆችም ከሩቅ አይተው የሚጮኹለት እርሱ ነው። 12 ሳጥኖች አሉት። አስተናጋጁ አንዱን ሳጥን በእጁ ይዞ ያቆማል፣ መቆለፊያዋን ይከፍታል፣ የተቀመጡትን ያወርዳል፣ አዲሶቹን ያስገባል፣ ሰንሰለቷን አያይዞ ሁለት ጊዜ ይስባታል፣ ከዚያም ቀጣዩ ሳጥን እስኪወርድለት እጁን ያነሣል። በሰዓቴ ስለካው ይህ ለአንድ ሳጥን 40 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ለ12ቱ ሳጥኖች ስምንት ደቂቃ መሆኑ ነው። ሁሉም ከተሳፈሩ በኋላ ሳይቆም የሚዞረው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ዙር 12 ደቂቃ ይወስዳል፤ በሰዓት አምስት ዙር ይሆናል፤ በሳጥን በአማካይ ሦስት ሰው ቢቀመጥ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚስተናገደው 180 ሰው ነው። በዕለቱ ከእኛ ፊት 120 ያህል ሰው ስለነበረ 40 ደቂቃ መቆማችን አይቀሬ ነበር፤ አስተናጋጁን መቆጣትም ሆነ ከፊት ያሉትን መገፋፋት አንዲት ደቂቃ አይቀንስም። ጊዜውን የሚበላው መዞሩ ሳይሆን ማውረዱና ማሳፈሩ ነው።

ይህ ችግር ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ግዙፍ ሽክርክሪት ጆርጅ ፌሪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1893 እ.ኤ.አ. በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ሲያቆመው ቁመቱ 80 ሜትር ያህል፣ ሳጥኖቹ 36፣ እያንዳንዱ ሳጥን ደግሞ 60 ሰው የሚይዝ ነበር፤ ባጠቃላይ 2,160 ሰው ማለት ነው። ያን ሁሉ ሰው ሳጥን በሳጥን አንድ በር ላይ ቢያሳፍሩት ኖሮ ቀኑ ይመሽ ነበር። ስለዚህ መሳፈሪያ መድረኩን ስድስት ቦታ ላይ ሠርተው በአንድ ጊዜ ስድስት ሳጥን ያራግፉና ይሞሉ ነበር፤ ሁሉም ከሞላ በኋላ ሳያቋርጥ አንድ ሙሉ ዙር ያዞሩታል። እኛ ያየነው ትንሽ ስለሆነ ስድስት መድረክ አያሻውም። ነገር ግን አንዱ ሰው ሲያወርድ ሌላው ቀጣዮቹን ልጆች በቁመትና በቁጥር አዘጋጅቶ አጠገቡ ቢያቆም፣ 40ው ሰከንድ ወደ 25 እንደሚወርድ በሦስተኛው ጉዟችን በዐይኔ አይቻለሁ፤ በዚያ ቀን ሁለት ሠራተኞች ነበሩ።

ወላጅ በዐይኑ ገምቶ «አጭሩን ሰልፍ እንያዝ» ሲል የሚሳሳትበት ቦታ ተጋጪ መኪኖቹ ናቸው። በቃና ዘገሊላ ዕለት የመኪኖቹ ሰልፍ የሽክርክሪቱን ግማሽ ያህል ነበር፤ 60 ልጅ ቢሆን ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ልጆቼን ወደዚያ ወሰድኳቸው። መኪኖቹ ግን አሥር ብቻ ናቸው፤ ጨዋታው አራት ደቂቃ፣ መውጣትና መግባቱ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ ልጆቹም መሪውን ለብቻቸው መያዝ ስለሚፈልጉ አብዛኛው መኪና አንድ ልጅ ይዞ ነው የሚዞረው። በሰዓት መቶ ልጅ ማለት ነው። 60 ልጅ ደግሞ 36 ደቂቃ ይሆናል፤ ከሽክርክሪቱ ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። በአንጻሩ ትንሿ ባቡር 24 ልጅ ይዛ፣ ማሳፈሩንም ጨምሮ በአራት ደቂቃ ተኩል ተመልሳ ትቆማለች፤ በሰዓት ወደ 320 ልጅ ታስተናግዳለች። ስለዚህ በባቡሯ ፊት 120 ልጅ ቢቆም እንኳ ከ23 ደቂቃ አይበልጥም። ጆን ሊትል የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው የሰልፍ ሕግ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ የምትጠብቁበት ጊዜ ከፊታችሁ ያለው ሰው ብዛት በአንድ ሰዓት ለሚስተናገደው ሰው ብዛት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ወረፋ ከመያዛችሁ በፊት አንዱን ዙር ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ስንት ልጅ እንደወረደና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ቁጠሩ። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ለእኔ ግን በሁለተኛው ጉዞ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ አትርፎልኛል።

ከዚህ ተነሥቼ በሦስተኛው ጉዞ የተከተልነው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ከዳንግላ በ12 ሰዓት፣ ገና ሳይነጋጋ፣ መናኸሪያ ተገኘን፤ የመጀመሪያው ሚኒባስ በሠላሳ ደቂቃ ሞልቶ ተነሣ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ በባጃጅ ሄደን ቁርስ አብልቻቸው በሩ በሦስት ሰዓት ሲከፈት ከፊት ከቆሙት መካከል ነበርን። ይህን የመከሩኝ በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ የነበሩት አረጋዊ ጥበቃ ናቸው። ደክሞኝ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጬ ሲያዩኝ ቀረብ ብለው፦ «ልጄ፣ የዛሬውን ተይው፤ ሌላ ቀን ሕዝቡ ቁርሱን ሳይጨርስ ልጆችሽን ይዘሽ ብትመጪ ግቢው የብቻችሁ ነው» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ከሽክርክሪቱ ፊት ከሃያ ሰው በላይ ቆሞ አላየሁም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሽክርክሪቱን፣ ቀጥሎ ተጋጪ መኪኖቹን፣ ሦስተኛ በሰንሰለት የተንጠለጠሉትን ወንበሮች ጨረስን፤ ሽክርክሪቱን ደግመንም ተሳፈርን። ባቡሯንና በአየር የሚነፋውን መዝለያ ያቆየናቸው ሕዝቡ ከበዛ በኋላ ነው፤ እነርሱ በሕዝብ መካከልም ቢሆን ፈጥነው ያስተናግዳሉ። ከዚህ ቅደም ተከተል የሚወጣው የብረቱ ሸርተቴ ብቻ ነው። ሰልፍ የለውም፤ ነገር ግን ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ከአምስት ሰዓት በኋላ ብረቱን ስለሚያግለው የሕፃን ጭን ያቃጥላል፤ ስለዚህ በጠዋት ይሁን። የአራት ዓመቱ ልጄ በሁለተኛው ጉዞ ከላይ ተቀምጦ ሊንሸራተት ሲል ጮኾ የተነሣውን አልረሳውም፤ በእጄ ስነካው እንደ ምጣድ ነበር።

ቀኑን መምረጥ ሰዓቱን ከመምረጥ አይተናነስም። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ፣ የትንሣኤና የገና ማግስት፣ እንቁጣጣሽም ለልጆች የሚያምሩ ቀናት ናቸው፤ ለመጫወት ግን አይመቹም። በጥር ላይ ደግሞ ሰርግ አለ። ሙሽሮች አጀባቸውን አስከትለው ለፎቶ ወደ ሐይቁ ዳርና ወደ መዝናኛ ግቢዎች ይመጣሉ፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ የሙሽራ አጀብ በሽክርክሪቱ ፊት ፎቶ እስኪነሣ ድረስ መሣሪያው ቆሞ ነበር፤ ሰልፍ የያዝነው ሁሉ በፀሐይ ቆመን ጠበቅን። ሙሽሮቹን አልወቅስም፤ ደስታቸው ነው፤ መሣሪያውን ማቆም ግን አስፈላጊ አልነበረም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ስለማይኖር ግቢው ይረጋጋል፤ ለዚህም ነው በመጋቢት ቅዳሜው እንኳ የቀለለን። በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ያሉት የሥራ ቀናት መካከለኛ ናቸው፤ የባሕር ዳር ልጆች ከቀትር በኋላ ስለሚመጡ ከገጠርና ከወረዳ ከተማ የሚመጣ ሰው ጠዋቱን መጠቀም አለበት። በክረምት ግን አትድከሙ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ መብረቅ ባለበትም የኤሌክትሪክ መጫወቻዎቹ መቆም አለባቸው፤ የአንድ ቀን መንገድ ሄዶ በቆርቆሮ ጥላ ሥር መዋል ለልጅ ከባድ ነው።

አሁን ቅር ወዳሰኘኝ ነገር ልመለስ። በሁለተኛው ጉዞ፣ ረቡዕ ዕለት፣ የመጀመሪያውን ቀን ድካም አስታውሼ የሁሉንም መጫወቻ ትኬት በአንድ ጊዜ ቆረጥኩ። ይህን ሌሎችም ቢያደርጉት ደግ ነው፤ መስኮቱን አራት ጊዜ ከመመላለስ ያድናል። ነገር ግን አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፋ፤ ለ40 ደቂቃም ሽክርክሪቱም መኪኖቹም ቆሙ። ግቢው ጀኔሬተር አለው፤ የሚያሠራው ግን የካፌውን ማቀዝቀዣና የድምፅ ማጉያውን ብቻ ነበር። ይህ ብቻ ቢሆን እታገሥ ነበር፤ ያሳዘነኝ ሁለቱ መጫወቻዎች ቆመው ሳለ መስኮቱ የእነርሱን ትኬት መሸጡን መቀጠሉ ነው። አንዲት እናት ከመራዊ አካባቢ መጥታ ለአራት ልጆች ከከፈለች በኋላ መቆማቸውን ስታውቅ ገንዘቧን ጠየቀች፤ ቆራጯ በመስኮቱ ላይ የተለጠፈውን «የተቆረጠ ትኬት አይመለስም» የሚል ወረቀት በጣቷ አሳየቻት። መብራት መጥፋት የማንም ጥፋት አይደለም፤ የቆመን መጫወቻ ትኬት እያወቁ መሸጥ ግን ጥፋት ነው። ለኃላፊው ይህንን ስነግረው በአክብሮት አዳመጠኝ፤ የእናቲቱም ትኬት በሌላ ቀን እንዲሠራ ከጀርባው ፈረመላት፤ ወረቀቱን ግን አላነሣውም። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ትኬታችሁን በአንድ ጊዜ ቁረጡ፤ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሁሉም መጫወቻ የሚሠራ መሆኑን ራሳችሁ ዞራችሁ አረጋግጡ፤ ትኬቱንም በልጅ እጅ ሳይሆን በቦርሳችሁ ያዙት።

ለኃላፊው ሌላም ሐሳብ አቅርቤለት ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ የተባለው የመዝናኛ መናፈሻና እኅት መናፈሻዎቹ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለጎብኚው የመመለሻ ሰዓት የታተመበት ወረቀት በነፃ ይሰጡ ነበር፤ ሰውየው በሰልፍ ከመቆም ይልቅ ሌላ ነገር ሲያይ ይቆይና በሰዓቱ ተመልሶ ይገባል። በ2021 እ.ኤ.አ. ያንን አገልግሎት አቁመው ተመሳሳዩን በክፍያ አደረጉት፤ ይህም የከፈለ የሚቀድምበት አሠራር በመሆኑ ለእኛ አገር እንዲመጣ አልመኝም። የመጀመሪያው ነፃው መንገድ ግን ምንም ማሽን አይፈልግም። በባንክ ቤት ቁጥር ወስደን ተቀምጠን እንጠብቅ የለም? ለሽክርክሪቱም ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ቢታደል፣ አስተናጋጁም «ከ60 እስከ 95» ብሎ ቢጣራ፣ ወላጅ ልጁን ይዞ በዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ ይችላል። በድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ ከሚለቀቀው ሙዚቃ ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

ከዲዝኒላንድ የተማርነውንና በራሳችን የሠራንበትን አንድ ነገርም ልጨምር። ትንሹ ልጄ ለሰንሰለት ወንበሮቹ ቁመቱ አይደርስም፤ ትልልቆቹ ደግሞ ያለ አዋቂ እንዲወጡ አልፈልግም። በዲዝኒላንድ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲመጣ አንዱ ወላጅ ሕፃኑን ይዞ ይጠብቃል፤ ሌላው ሲወርድ ዳግመኛ ሰልፍ ሳይዙ ይቀያየራሉ። በመጋቢቱ ጉዞ ታናሽ ወንድሜ አብሮን ስለነበር አስተናጋጁን በትሕትና ጠየቅነው፤ ወዲያው ፈቀደልን። ወንድሜ ከትልቁ ልጅ ጋር ወጣ፤ ሲወርድ ሕፃኑን ተቀበለኝና እኔ ከሴቷ ልጄ ጋር ወጣሁ። ከኋላችን የነበሩት ሰዎችም ትኬታችንን አይተው ቅር አላላቸውም። ዘመድ አለኝ ብሎ ከጎን ከሚገባው ሰው ጋር እንዳያምታቱን ግን ከመጀመሪያው ለአስተናጋጁም ከኋላ ላሉትም መንገር ያስፈልጋል።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ካፌው ንጹሕ ነው፤ የጾም ምግብም አለው፤ ነገር ግን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያለው ሰልፍ ከመጫወቻዎቹ አያንስም። እኛ ዳቦ ቆሎና ውሃ ይዘን ገባን፤ በሩ ላይ የከለከለን የለም። አምስት ሰዓት ላይ ልጆቹ ያንን በሉ፤ ከወጣን በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በከተማው ምሳ በላን። መጸዳጃ ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው ሲሆን በጠዋት ንጹሕ ነው፤ ከቀትር በኋላ ውሃው ስለሚያልቅ ልጆቹን ቀደም ብላችሁ ውሰዷቸው።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ለሦስት ልጅ የቆረጥነው ትኬት በሦስቱም ጊዜ ከደርሶ መልስ የመኪና ወጪያችን በልጧል። በመጀመሪያው ቀን ለአራት ጨዋታ ያንን መክፈል ውድ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን ልጆቼ ስላገኙት ደስታ አንድ ብር አልቆጨኝም። መሣሪያዎቹ ጥሩ ይዞታ ላይ ናቸው፤ የሽክርክሪቱ መቆለፊያዎች ሁሉም ይሠራሉ፤ አስተናጋጆቹም ሰንሰለቱን ሳያረጋግጡ አንድም ሳጥን ሲለቁ አላየሁም። ከአምስት መመዘኛ በጠዋት ለሚደርስ ቤተሰብ አራት፣ በበዓል ቀን ከቀትር በኋላ ለሚደርስ ደግሞ ሁለት እሰጠዋለሁ። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብቻ ያላችሁ ከሆነ ባቡሯና ዥዋዥዌው ብቻ ስለሚቀሩላችሁ ከሩቅ ለመምጣት አይበቃም፤ ለነዚያ ሐይቁ ዳር መዋል ይሻላል።

ለሚጓዙ ሰዎች የቀረኝ ነገር ቢኖር የመመለሻው ጉዳይ ነው። መንገዱ ደኅና መሆኑን ከዋዜማው ለሹፌሮች ደውላችሁ ጠይቁ፤ ከግቢውም ከሰባት ሰዓት በፊት ውጡ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መኪና እየቀነሰ ስለሚሄድ መናኸሪያው ላይ ሌላ ሰልፍ ይጠብቃችኋል፤ ያኛውን ሰልፍ ደግሞ እንቅልፍ የወሰደውን ሕፃን አዝላችሁ ነው የምትቆሙት።